ባለ ነጠላ ጫማው የሳተባት ቦታ

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ወዳለ አንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሬዲዮዬ ዜናውን ሁሉ እያንኮሻኮሸች አስቸግራኝ ነው። ጠጋኙ የእኔን ተራ ሳያደርስ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ባለ ትልቅ ሆድ የድሮ ኮምፒውተር ጎትቶ አወጣና፣ ነፍስ ይኑረው አይኑረው ሊያይ ሶኬት ላይ ሰካው። ትንሽ ቆየና ያ ሽታ መጣ። የሞቀ አቧራ ሽታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ለዛሬ ሰው አፍንጫ ቁም ነገር አይሆንም። እኔ ግን ሳላስበው በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ደንግጦ "እናቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አለኝ። "ተወው፣ ደባርቅ ደርሼ መምጣቴ ነው" አልኩት። አሮጊቷ ጃጅታለች ብሎ መሰለኝ፣ ቶሎ ብሎ ሬዲዮዬን አነሣ።

ያኔ ደባርቅን አስፋልት አያውቃትም። ከጎንደር በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ኮሶዬ ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው አራግፎና ሰው ጭኖ፣ ዳባት ላይ ምሳ በልቶ፣ ደባርቅ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከሻይዋ ጋር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሰጥሻለች፣ ድንቹን በመጀመሪያ የምትይዢው ለመብላት ሳይሆን እጅሽን ለማሞቅ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ማዕዘን ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው መጎተት እስኪጀምር ድረስ እሱኑ ነው የሚያስጮኸው። አስተማሪዎች ከሹራብ በላይ ኮት፣ ከኮት በላይ ጋቢ ይደርቡ ነበር። አስጎብኚዎቹ ደግሞ ተራራ ወጥተው የተመለሱ ፈረንጆች የተዉላቸውን ጃኬት ለብሰው ይንጎራደዳሉ፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ፤ ዋናውን መንገድ ከሩቅ ስታዪው የአበባ መደብ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የጃናሞራ ገበያተኛ በቅሎውን እየነዳ፣ የሱፍ ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ከተማው የበግ ጸጉርና የኮረፌ መጠጥ ሽታ ይሸታል። ዛሬ ያ ሻይ ስንት ብር እንደገባ ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ፤ ድንቹማ ከናካቴው ቀርቷል።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። ጎንደር ታይፕ ተምሬ፣ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ኮምፒውተሮች ለትምህርት ቤቱ የመጡ ጊዜ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ከሰው ሁሉ ዐውቄ አይደለም፤ ጣቷ ሳታይ የሚጽፍላት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ከአሮጌ አንሶላ ልብስ ሰፋሁላቸው። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቅ ነበር፤ በዚያ በደባርቅ ብርድ፣ በካልሲ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ግን የጣሰው አልነበረም። ማሽኖቹን ጠዋት እንደ ሕፃን ገልጣቸዋለሁ፣ ማታ እሸፍናቸዋለሁ፤ በመካከሉ የሚነካቸው ሰው የለም። የሚያስተምር ስለሌለ።

ጋሽ አለልኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። የተወለዱት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ነው። እስከ ጉርምስናቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ነው ወደ አስኳላ የዞሩት፤ ሒሳብ ሲያስተምሩም ቅኔ ቤት ሆነው ነው። "ይበል!" ይላሉ ተማሪ ሲመልስላቸው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት መሥመር ክር የተወጠረበት ይመስል ነበር። እኔ የማውቃቸው ዓይናቸው መዳከም በጀመረ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ከዳር ከዳር ጨለማ በላቸው፤ ጎንደር ሆስፒታል ሄደው "የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል" ተብለው መጡ። ያም ሆኖ ክፍል ገብተው ተማሪውን በድምፁ፣ መንገዱን በእርምጃቸው፣ ሰሌዳውን በእጃቸው ዳሰሳ እያወቁ ያስተምሩ ነበር። ብዙ ሰው አያውቅባቸውም።

በኋላ ፕላዝማ መጣ። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ውስጥ አንድ ሰው ከሩቅ አገር በእንግሊዝኛ ያስተምራል። "ጥያቄ አለ?" ይላል፣ መልስ ሳይጠብቅ ይሄዳል። የክፍሉ አስተማሪ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ጋሽ አለልኝ በዚያም አልተናደዱም፤ "ይኼ ሰውዬ እንኳ ከእኔ ይብሳል" አሉኝ አንድ ቀን በሳቅ፣ "እኔ እንኳ ባላያቸው እሰማቸዋለሁ። እሱ ልጆቹን አያይ፣ አይሰማ።" እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ አለቀስኩ።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቢሮው ጠራቸው፤ እኔ ከጎኑ ባለችው ክፍል ታይፕ ላይ ነበርኩና ሁሉንም ሰማሁ።

"ጋሽ አለልኝ፣ ዓይናቸው የደከመ መምህራን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዛወሩ የሚል መመሪያ መጥቶብናል።"

"ቤተ መጻሕፍት?" አሉ። "የማላነበውን መጽሐፍ ልጠብቅ?"

ርእሰ መምህሩ "አንድ ነገር አለ" አለ። "ይህ የኮምፒውተር ትምህርት አስተማሪ አጥቷል። የተመረቁት ልጆች ብርዱን ፈርተው አይመጡም። እርስዎ ይችሉታል ብዬ ይዤዎት ልቆይ። ከበላይ ሰዎች መጥተው ሲያስተምሩ ያያሉ። ደስ ካላቸው ክፍልዎ ክፍልዎ ነው፤ ካላላቸው ግን እኔም አቅም የለኝም።"

በሩን ከፍተው ወደ እኔ መጡ። ጠረጴዛዬን ዳስሰው አገኙና፣ "ስንዱ፣ ዓይን ታበድሪኛለሽ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም፣ ጋሼ" አልኋቸው።

ማበደሩን አበደርኩ፤ ግን ምን እንማር? መጽሐፍ የለን፣ መምህር የለን፣ ኢንተርኔት ደባርቅ ላይ ያኔ ወሬው እንጂ እሱ የለም። እግዜር ግን ሳይደግስ አይጣላም። በዚያ ሰሞን ተራራ ከወጡት ፈረንጆች አንዱ ሳንቃ በር ከሚባለው ማረፊያ ሳይደርስ ጉልበቱ ዞረበትና በበቅሎ ተጭኖ ደባርቅ ተመለሰ። ጓደኞቹ እስኪመለሱ ሆቴል ተቀምጦ ሰለቸው። ዱላ ተመርኩዞ ከተማውን ሲዞር ትምህርት ቤታችን ገባና፣ በካልሲ የቆምንበት ክፍል በር ላይ ደረሰ። እሱም ጫማውን አወለቀ፤ ለዚያ ብቻ ወደድሁት።

የሚሠራው ሥራ ለካ ያው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሻንጣው ውስጥ ቅጠል የምታህል ሃርድ ዲስክ ነበረችው፤ ውስጧ ቪዲዮ ብቻ። የሙያው ሰዎች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ አለን፤ አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ያወቀውን ይናገራል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማል። እሱ በየመንገዱ የሚያየው የዚህን ስብሰባ ቪዲዮ ነው። ጋሽ አለልኝ ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በራ።

"ጉባኤ ነዋ!" አሉ በአማርኛ ለእኔ። ለሱ ደግሞ በዚያ ቀጥ ባለ እንግሊዝኛቸው፣ "የሚናገሩት ሁሉ ሊቃውንት ናቸው?" ብለው ጠየቁት።

ፈረንጁ ሳቀና "አንዳንዶቹ" አለ። ቪዲዮዎቹን ሁሉ ወደ ማሽኖቻችን ገልብጦ፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ሄደ። ስሙን እንኳ በወጉ አልያዝነውም። ስጸልይ "ያ ጉልበቱ የዞረበት" እያልሁ ነው የማስበው።

ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜም ከገበያ በኋላ ጉባኤያችን ይጀመራል። እኔ ማሽኑ ፊት፣ እሳቸው ከጎኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው። የቪዲዮው ሰው ንግግር ትንሽ ሲሄድ "አቁሚው" ይላሉ፤ አቆማለሁ። የሰሙትን በቃላቸው ይሉታል፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል። "አሁን የምታዪውን ንገሪኝ" ይላሉ። ማያው ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል፣ ነጥብ በነጥብ አነብላቸዋለሁ፤ "ቅንፍ ተከፈተ፣ ቅንፍ ተዘጋ፣ መሥመር ወረደ።" እኔም ያንኑ በሌላው ማሽን እጽፈዋለሁ። ከዚያ ነው ትርጓሜው የሚመጣው፤ ልክ በመጻሕፍት ቤት እንደሚደረገው። "ለምትጽፈው ነገር ደግ ስም አውጣለት ማለቱ" ይላሉ፣ "ነገ የማያውቅህ ሰው ሥራህን ሲያነብ እንዳይቸገር ነው። አንድም፣ አንተው ራስህ ነገ ለራስህ እንግዳ ስለምትሆን ነው።" ይህን ሁለተኛውን ሰውየው አላለም። ቆይቶ ቪዲዮው ሲቀጥል ግን አለው። "አላልሁሽም?" ብለው ጉልበታቸውን መቱ። እንዲህ ያለ ደስታ ፊታቸው ላይ ያየሁት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከተናጋሪዎቹ ሁሉ የወደዱት አንዱን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠጉሩ የሸበተ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ነጠላ ጫማ አድርጎ የወጣ። ስሙን መጥራት ስላቃተኝ ባለ ነጠላ ጫማው አልነው። የተዘጋጀ ነገር ይዞ አይመጣም፤ ባዶ ማያ ይከፍትና፣ እየተናገረ፣ እየጻፈ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ሰው ፊት ይወለዳል። ስሞችንና ነጥቦችን ተቀብሎ በየማዕረጋቸው የሚደረድር ነገር ነበር የሠራው። "ይኼማ ዘረፋ ነው" አሉ ጋሽ አለልኝ፤ ባለቅኔ ጉባኤ መካከል ቆሞ ቅኔውን እዚያው ሲያፈልቀው ማለታቸው ነው። "ትንሽ ጻፍ፣ ሞክር፣ ከሠራ ቀጥል" ይላል ሰውየው በየመካከሉ። ይህችን እኔ እስከ ዛሬ ወጥ ስሠራም እላታለሁ።

ያ ንግግር መካከል ላይ አንድ ቦታ አለ። ሰውየው ቅንፍ ይከፍትና ሳይዘጋው ያልፋል። ፕሮግራሙን ያስኬደዋል፤ ማያው ስሕተት አለ በሚል ቀይ ጽሑፍ ይሞላል፤ አዳራሹ ይስቃል። እሱም ይስቅና ቀዩን ጽሑፍ ከላይ ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ የጎደለችውን ቅንፍ ያገኛታል፣ ይዘጋታል፣ ሠራ። አዳራሹ ያጨበጭባል።

"ተሳሳተ፣ ጋሼ" አልኋቸው።

"ማን? እሱ? እንዴት ብሎ?" አሉ። "ያን ሁሉ ሊቅ ሰብስቦ ሊሳሳት? የኔታም እንዲህ ያደርጉን ነበር። እንቅልፍ ሲያዳፋን አንዲት ቃል አጣመው ይሉና ዝም ብለው ያዩናል። 'ሳቱ፣ የኔታ!' ያለ ተማሪ ያን ቀን ይመረቃል። ይኼም ልጆቹን ሊያነቃ ነው።"

"ጆሮው ቀልቷል እኮ።"

ያን ማየት የሚችሉት እኔ ስነግራቸው ብቻ ነው። "ጆሮው ቀላ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ፍም መሰለ።"

"ከሳተም ደግ ስቷል" አሉ በመጨረሻ። "ቀዩን እንዴት እንደሚያነቡት ያሳየን እዚያች ላይ ነው። ባይስት ኖሮ ከየት እንማረው ነበር? እንዳለ እንያዘው፤ ስሕተቷንም።"

ስለዚህ ስሕተቷንም ያዝናት። ትምህርቱ ሲጀመር እሳቸው ከፊት ቆመው በቃላቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከማሽኑ ወደ ፕላዝማው በተዘረጋው ሽቦ ልጆቹ ሁሉ ያያሉ። እዚያች ቦታ ስንደርስ ቅንፉን ሳንዘጋ እናልፋለን። ማያው ይቀላል። መጀመሪያ ጊዜ ልጆቹ ፈሩ፤ ማሽኑ የተቃጠለ መስሏቸው አንዲት ልጅ ወደ በሩ ሮጣ ነበር። ጋሽ አለልኝ "አትደንግጡ፤ አንብቡት! የሚቆጣችሁ ሰው ምን እንደሚል ሳትሰሙ ትሸሻላችሁ?" አሏቸው። ቆይተው ልጆቹ ያችን ቦታ መናፈቅ ጀመሩ። ማያው ሲቀላ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፣ ቀዩን በአንድ ድምፅ ያነቡታል፣ "ቅንፍ!" ብለው ይጮኻሉ፣ እዘጋዋለሁ፣ ይጨበጨባል። ከሌላ ክፍል ሁሉ ልጆች በመስኮት ይመጡ ነበር። ዛሬ የእኅቴ ልጅ በስልኩ ያንኑ ዓይነት ንግግር ተኝቶ ሲሰማ አየዋለሁ፤ በጆሮው ሰክቶ፣ ብቻውን፣ ሁለት እጥፍ አፍጥኖ። "ምን አለ?" ስለው "ብዙም አላለም" ይለኛል። እኛ ያንን አንዱን ስንት ወር ተቀመጥንበት።

ከበላይ ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች ከፋሲካ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አለቃቸው ቡኒ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰው፣ አንዱ የሚጽፍለት፣ አንዱ ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት። በር ላይ ጫማ አስወለቅናቸው። የአለቃው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበርና ልጆቹ እንዳያዩበት እግሩን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ተቀመጠ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፊቱ አልተፈታም። ጋሽ አለልኝ ያን ቀን ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። የቆሙበት ቦታ ትክክል ነው፣ ድምፃቸው ትክክል ነው፣ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ ሳይሆን ወደ ልጆቹ ነው ያዞሩት። እንዲህ አሳምረው አስተምረው አያውቁም። ወጣቱ እንኳ ወደፊት ዘንበል ብሎ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወደዚያች ቦታ ደረስን። ቅንፉን ሳይዘጉ አለፉ። እኔም እንደ ወትሮው አስኬድሁት፤ ፕላዝማው ቀላ።

"ተሳስተዋል!" አለ አለቃው ከኋላ።

ልጆቹ ሳቁ። ሁልጊዜ የሚስቁትን ሳቅ ነው የሳቁት፣ የደስታ ሳቅ፣ የሚወዱት ቦታ ስለደረሰ። ጋሽ አለልኝም ሳቁ እስኪያልቅላቸው ፈገግ ብለው ጠበቁ። እኔ ግን ከማሽኑ ዞር ብዬ የእንግዶቹን ፊት አየሁ፤ የሚያዩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ተማሪ የሚስቅበት ዕውር አስተማሪ ነው የሚያዩት። "አንብቡት" አሉ ጋሽ አለልኝ። ልጆቹ አነበቡ። "ቅንፍ!" ብለው ጮኹ። ዘጋሁት፣ ሠራ። የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ እኔን አየና ጻፈ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እነሱ ያዩት እሳቸው ሲሳሳቱና እኔ ሳርም ነው።

ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠሩኝ። "ጎበዝ ነሽ" አለኝ አለቃው። "ስሕተታቸውን ወዲያው ነው ያገኘሽው።"

"ስሕተት አይደለም፣ ጌታዬ። ሆን ብለን ነው።"

"ሆን ብላችሁ ተሳሳታችሁ?"

"መምህሩ እንደዚያ ስላስተማረን።"

"የትኛው መምህር?"

አፌ ውስጥ የነበረው መልስ ምን እንደሚመስል ሳልናገረው ሰማሁት፤ ቢሆንም ሌላ መልስ አልነበረኝምና ተናገርሁት። "ባለ ነጠላ ጫማው" አልኩ። ተያዩ። ወጣቱ ደግ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ለሳቸው ማዘንዎ ይገባናል" አለኝ። ጋሽ አለልኝንም ጠርተው ጠየቋቸው። የየኔታን ነገር ነገሯቸው፣ እንቅልፍ የሚያዳፋቸውን ተማሪዎች፣ የተጣመመችውን ቃል። አለቃው ሰማና "ጋሼ፣ እዚህ ቅኔ ቤት አይደለም" አለ። ያን ያለበትን አፍ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። ክረምት ጎንደር ሄጄ እንድሠለጥን፣ በመስከረም አስተማሪ እንድሆን። ጋሽ አለልኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ከተከራዩዋት ክፍል ደጃፍ መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እርምጃዬን ዐውቀው "ነይ ስንዱ፣ ወዲህ በይ" አሉኝ።

"አልወስደውም፣ ጋሼ።"

"ምኑን?"

"ክፍሉን።"

"አልወስድም ብትይ ለእኔ ይመልሱታል?"

"አይመልሱትም።"

"እንግዲያ ማን ይቆምበታል?"

"እኔ ምን ዐውቄ ነው የምቆምበት? እኔ እኮ የማውቀው የማየውን ማንበብ ብቻ ነው።"

"ስሚኝ" አሉ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ያዝሁላቸው። "በዚህ ትምህርት ሰው አስተምሬያለሁ ብል ማስረጃዬ አንቺ ነሽ። ሌላ የለኝም። እሱንም አትውሰጂብኝ፣ ዓለሜ።"

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብዙም አልቆዩም። አንድ ቅዳሜ ከጃናሞራ ገበያተኞች ጋር፣ አንድ የአገራቸው ሰው በቅሎው ላይ አስቀምጧቸው፣ ወደ መካነ ብርሃን ሄዱ። እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ካሴት ቤቱ ያን የላላ ዘፈኑን ያስጮኻል፣ አስጎብኚዎቹ ቀለም በቀለም ሆነው ይንጎራደዳሉ። "ምን ለብሰዋል ዛሬ?" አሉኝ። ነገርኋቸው። "ቢጫም አለ? ቢጫ አዲስ ነው" አሉ። ከዚያ በቅሎዋ ሄደች። እዚያ አገራቸው ደብር ዙሪያ ቁጭ ብለው ለቆሎ ተማሪዎች ቁጥር ያስተምራሉ ሲሉ ሰማሁ።

እኔ አስተማርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ከክፍል ስወጣ ሁልጊዜ የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት፤ መልመዴም አሳፈረኝ። ያችን ቅንፍ ግን አንድም ዓመት ዘግቼ አላለፍሁም። የተቆጣኝ ተቆጣኝ።

የጋሽ አለልኝ መርዶ የደረሰኝ ክረምት ላይ ነው። መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ቀብራቸው ላይ መድረስ አልቻልኩም፤ ከተቀበሩ በኋላ ነው የሰማሁት። አልቃሽ ሳይሰማኝ ብቻዬን ቤቴ አለቀስኩላቸው። ስለዚህ ለእኔ የስንብታቸው ቀን ቀብራቸው አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረው በጋ ነው። አስፋልቱ ያን ጊዜ ደባርቅ ሊገባ ዳባትን አልፎ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በሬንጅ ይሸታል። የወንድማቸው ልጅ ደባርቅ ተድራ ነበርና ለሰርጓ መጥተው ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጃቸውን ይዞ ክፍሌ አስገባቸውና ከመጨረሻው ዴስክ አስቀመጣቸው፤ "እንዳትነግራት" ብለውታል።

ደወል ተደወለ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ልጆቹ እንደ ወትሮው ብድግ አሉ። ከኋላ፣ ከልጆቹ ጥቂት ዘግይተው፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዴስኩን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው ወደ እኔ ነው፣ ግን ትንሽ ወደ መስኮቱ ያደላል። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ተማሪ ለአስተማሪው እንደሚቆመው።

ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም አሰብሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ልጆቹ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ፊቴን አይተው ግራ ተጋቡ። እንዲያ ቆመን ቆየን፣ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ።

"መምህርት" አሉ ከዚያ፣ በዚያ በማውቀው ድምፅ፣ "ልጆቹ እኮ ቆመዋል።"

"ተቀመጡ" አልኩ።

ጋሽ አለልኝ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ።